ለዐይን ያልተጻፈ ጽሑፍ፤ ስለ ስውር ቃላትና ስለ ፍለጋ ተራ የቀረበ ሂስ

ጽሑፍ ሁሉ ለአንባቢ ይጻፋል፤ ይህ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ማስረጃ የማያስፈልገው ነገር ነበር። በብራና ላይ የጻፈ ቁም ጸሓፊም ሆነ በጋዜጣ የጻፈ ሰው ቃሉን ያሰፈረው ሌላ ሰው በዐይኑ አይቶ ወይም ሲነበብ በጆሮው ሰምቶ እንዲያስተውለው ነው። ዛሬ ግን ከዚህ የተለየ አንድ ዐይነት ጽሑፍ ተወልዶአል፤ ይኸውም በኢንተርኔት ድረ ገጽ ላይ ተጽፎ ሳለ ገጹን የሚከፍተው ሰው እንዳያየው ሆነ ተብሎ የሚሸሸግ፣ አንባቢውም የፍለጋ ሞተር ብቻ የሆነ ጽሑፍ ነው። በዚህ አጭር ጥናት ልንመረምረው ያሰብነው ይህን ስውር ጽሑፍ ሲሆን፣ የምንጠይቀውም ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ስውር ጽሑፍ አንድ ገጽ በፍለጋ ውጤት ውስጥ በሚያገኘው ተራ ላይ ምን ለውጥ ያመጣል? ሁለተኛ፣ ጥፋት ነው ወይም አይደለም ለማለት በምን ሚዛን እንመዝነዋለን?

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ እንዳይመስል ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነንን እንግለጽ። ጥቂት ተማሪዎች ሆነን ጥናቶቻችንን በድረ ገጽ ላይ ለማውጣት ስንመካከር፣ ከመካከላችን አንዱ የሚከተለውን ሐሳብ አቀረበ። በአማርኛ አንድ ቃል በልዩ ልዩ ፊደል ይጻፋል፤ ፀሐይ የሚለውን ቃል አንዱ በጸሎቱ ጸ፣ ሌላው በፀሐዩ ፀ ይጽፈዋል፤ ሐውን ደግሞ አንዱ ሐመሩን፣ ሌላው ሃሌታውን ያደርገዋል። ስለዚህ ማንም በማናቸውም አጻጻፍ ቢፈልገን እንዲያገኘን፣ የየቃሉን አጻጻፍ ሁሉ ከጽሑፋችን ግርጌ በነጩ ገጽ ላይ በነጭ ቀለም እንጻፈው፤ አንባቢ አያየውም፣ ሞተሩ ግን ያነበዋል አለን። ሐሳቡ ብልኀት ያለበት ስለ ሆነ ብዙዎቻችን ወዲያው ተቀበልነው። አንዲት ጓደኛችን ብቻ፣ «አንባቢ እንዳያይብን የምንፈራው ለምንድር ነው?» ብላ ጠየቀች። ለዚህ ጥያቄ ያን ቀን መልስ አላገኘንለትም፤ ይህም ጽሑፍ መልሱን ለመፈለግ የተደረገ ሙከራ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ሞተሩ እንዴት ያነባል

የፍለጋ ሞተር ጥያቄ በቀረበለት ቍጥር ዓለምን ሁሉ ዞሮ የሚፈልግ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ሥራው ግን እንዲህ አይደለም። ሞተሩ አስቀድሞ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው በማያያዣ እየተሻገረ ያገኘውን ጽሑፍ ይሰበስባል። ከዚያም በኋላ፣ በመጽሐፍ መጨረሻ እንደሚገኘው የቃላት ማውጫ፣ እያንዳንዱ ቃል በየትኞቹ ገጾች እንደሚገኝ የሚያሳይ እጅግ ትልቅ መዝገብ ያዘጋጃል። ሰው አንድ ቃል ጽፎ ሲጠይቅ የሚመለከተው ይህን መዝገብ ነው፤ ቃሉ ከሚገኝባቸው ገጾች መካከልም የትኛው ፊተኛ፣ የትኛው ኋለኛ እንደሚሆን በልዩ ልዩ ምልክቶች መዝኖ ተራ ያወጣል። ተራው ቀላል ነገር አይደለም። ፈላጊ ሰው ከፊተኞቹ ጥቂት ገጾች አልፎ የሚሄደው ከስንት አንዴ ስለ ሆነ፣ በኋለኛው ተራ የወደቀ ጽሑፍ እንዳልተጻፈ ይቈጠራል።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ድረ ገጽ ሁለት መልክ አለው፤ አንደኛው በስክሪኑ ላይ ለዐይን የሚታየው ነው፤ ሁለተኛው ከበስተ ጀርባው ያለው፣ ይህ ቃል በዚህ ቀለም ይጻፍ፣ ያ ሥዕል በዚያ ቦታ ይቀመጥ እያለ የሚያዝዘው ኮድ ነው። ሰው የሚያነበው ፊተኛውን ሲሆን፣ የቀድሞዎቹ የፍለጋ ሞተሮች ግን የሚያነቡት ኋለኛውን ነበር። ስውር ጽሑፍ የተወለደው በእነዚህ በሁለቱ ንባቦች መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው።

አልታቪስታ የተባለው ሞተር በ1995 መጨረሻ ሥራ በጀመረበት ዘመን፣ አንድ ቃል በገጹ ውስጥ ደጋግሞ መገኘቱና በርእሱ አጠገብ መቀመጡ ለተራው ትልቅ ክብደት ነበረው። ከዚህም ሌላ የገጹ ባለቤት «ጽሑፌ ስለ እነዚህ ነገሮች ነው» ብሎ ቍልፍ ቃላቱን የሚመዘግብበት፣ ለአንባቢ የማይታይ ስፍራ በኮዱ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ይህ ስፍራ በቅን ልቡና የተሠራ ነው፤ ነገር ግን ማንም የማያየው ምስክርነት ማንም የማይቈጣጠረው ምስክርነት ስለ ሆነ፣ ብዙዎች ከጽሑፋቸው ጋራ የማይገናኘውን ተፈላጊ ቃል ሁሉ ይሞሉበት ጀመር። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳሉ ስለ ጉግል አሠራር በ1998 ባወጡት ጥናት ይህንኑ ነገር አመልክተዋል፤ ለተጠቃሚው በቀጥታ የማይታይ ጽሑፍ ሁሉ ሞተሩን ለማታለል እንደሚውል ገልጸው፣ እንዲህ ያለው የተሸሸገ መግለጫ በፍለጋ ሥራ ላይ አለመሳካቱን ጽፈዋል። እነርሱ አንዱ ገጽ ሌላውን ገጽ በማያያዣ መጥቀሱን እንደ ምስክር ቈጥረው መመዘኑን የመረጡበት አንዱ ምክንያት ከዚህ ይገኛል፤ ሰው ስለ ራሱ ከሚናገረው ይልቅ ሌሎች ስለ እርሱ የሚናገሩት ይታመናልና።

ስለ መሸሸጊያ መንገዶችና ስለ ውጤታቸው

ጽሑፍን ከዐይን መሸሸጊያው መንገድ ብዙ ነው። በነጭ ገጽ ላይ በነጭ ቀለም መጻፍ የታወቀው ነው፤ የፊደሉን መጠን ዜሮ ማድረግ፣ ጽሑፉን ከሥዕል በስተ ኋላ ማስቀመጥ፣ ከስክሪኑ ጠርዝ ውጭ ማዋል፣ ወይም ማያያዣን በአንዲት ጭረት ላይ ደብቆ ማኖር ከዚሁ ይቈጠራሉ። ከሁሉ የከፋው ግን ሞተሩ ሲመጣ አንድ ገጽ፣ ሰው ሲመጣ ሌላ ገጽ ማቅረብ ነው።

እነዚህ መንገዶች በመጀመሪያው ዘመን ተራን ከፍ ያደርጉ እንደ ነበር አይካድም፤ ባያደርጉ ኖሮ ማንም ባልደከመባቸው ነበር። በኋላ ግን ሞተሮቹ ዐይን አወጡ። ጉግል በ2014 እንዳስታወቀው፣ ሞተሩ ኮዱን ማንበብ ብቻ ሳይሆን ገጹን እንደ ሰው ስክሪን አድርጎ ሠርቶ መመልከት ጀምሮአል። ጉግል ቃላትንና ማያያዣዎችን ለማታለል መሸሸግን በሕጉ ከልክሎአል፤ ይህን ሲያደርግ የተገኘ ገጽ ተራው ዝቅ ሊል፣ ወይም ከነጭራሹ ከመዝገቡ ሊወጣ ይችላል። የቍልፍ ቃላቱን ስፍራ በሚመለከትም ኩባንያው በ2009 ተራ ለማውጣት እንደማይጠቀምበት በይፋ ገልጾአል። ስለዚህ ዛሬ እዚያ ላይ ቃል የሚያከማች ሰው በጉግል ዘንድ በባዶ ቤት ውስጥ የሚለፍፍ ነው።

የዚህ ምሳሌ የሚሆነው በየካቲት 2006 በጀርመን የታየው ነው። ታዋቂው የመኪና ፋብሪካ ቢ ኤም ደብልዩ በጀርመን ድረ ገጹ ላይ «ያገለገለ መኪና» የሚለውን የጀርመንኛ ቃል ደጋግመው የያዙ ገጾች አኑሮ ነበር። ሞተሩ እነዚህን በቃል የተሞሉ ገጾች ሲያነብ፣ ሰው ግን ሲከፍታቸው ወዲያው ሥዕል ወደ በዛበት፣ ቃል ወዳነሰበት ወደ ሌላ ገጽ ይወሰድ ነበር። ጉግል ይህን ሲደርስበት የፋብሪካውን የጀርመን ድረ ገጽ ከመዝገቡ አወጣው፤ ፋብሪካውም ገጾቹን አነሣ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ወደ መዝገቡ ተመለሰ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። ፋብሪካው በእርግጥ ያገለገሉ መኪናዎች ይሸጥ ነበር፤ እንግዲህ የተሸሸገው ቃል ሐሰት አልነበረም። ጥፋቱ ለሁለት አንባቢዎች ሁለት ልዩ ልዩ ጽሑፍ መስጠቱ ነው። ሁለተኛው ትምህርት ፈራጁን ይመለከታል። ስሙ የታወቀ ፋብሪካ ከመዝገብ ሲወጣ ዓለም ሁሉ ይሰማል፣ በጥቂት ቀናትም ይመለሳል፤ ስም የሌለው ትንሽ ነጋዴ በዚሁ ጥፋት ቢወጣ ግን ጩኸቱን የሚሰማለት ማን ነው? ሕጉን ያወጣው፣ የመረመረው፣ የቀጣውና ይቅር ያለው አንድ ኩባንያ ነው። ስውር ጽሑፍን ስንነቅፍ ይህን ዝም ብለን ብናልፈው ሂሳችን ጐደሎ ይሆናል።

ስውር ሁሉ ጥፋት አይደለም

ከዚህ በላይ የተባለውን ያነበበ ሰው፣ በገጽ ላይ የማይታይ ቃል ሁሉ ክፉ ነው ብሎ ይደመድም ይሆናል። ይህ ስሕተት ነው። ማየት የተሳነው ሰው ድረ ገጽን የሚያነበው ጽሑፉን ወደ ድምፅ በሚለውጥ ፕሮግራም ነው፤ ፕሮግራሙ በሥዕል ፊት ሲደርስ የሚያነብለት፣ ሥዕሉን የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ በኮዱ ውስጥ ይቀመጣል። ይህ ጽሑፍ ለሚያይ ሰው ስውር ቢሆንም የተጻፈው ለሰው ነው፤ ሞተሩም ሥዕሉን ለማወቅ ይረዳበታል። እንዲሁም በጥያቄና በመልስ የተዘጋጀ ገጽ ብዙ ጊዜ ጥያቄዎቹን ብቻ ደርድሮ፣ አንባቢ ሲነካቸው መልሱን ይዘረጋል። መልሱ እስኪነካ ድረስ ስውር ነው፤ ነገር ግን ከአንባቢ የሚለየው አንድ የጣት ንክኪ ብቻ ነው።

በዚህ በሁለተኛው ዐይነት ላይ የጉግል ሰዎች ቃል ተለዋውጦአል። በ2014 እንዲህ ተጣጥፎ የተቀመጠ ጽሑፍ ክብደቱ ሊቀነስበት እንደሚችል ተነግሮ ነበር። በ2016 ግን ኩባንያው ገጾችን ከኮምፒዩተር መልካቸው ይልቅ በስልክ መልካቸው ለመመዘን ማሰቡን ሲያስታውቅ፣ ለአንባቢ ምቾት ተብሎ የታጠፈ ጽሑፍ ሙሉ ክብደት እንደሚሰጠው ተገለጸ፤ ይህ ወደ ስልክ መልክ የመዞር ሥራ መፈጸሙም በ2023 ተነገረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በትንሽ ስክሪን ላይ ሁሉን በአንድ ጊዜ መዘርጋት አይቻልም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሞተሩ ገጹን ይመለከታል እንጂ እንደ ሰው አይነካም፤ ስለዚህ ከተነካ በኋላ ብቻ ከሩቅ የሚመጣ ጽሑፍ ለእርሱ እንደሌለ ነው፤ አስቀድሞ በገጹ ውስጥ ገብቶ የታጠፈው ግን ይነበባል።

ከዚህ የቃል መለዋወጥ የምንረዳው፣ «ስውር» መሆን በራሱ የጥፋት ምልክት አለመሆኑን ነው። በሰፊው ስክሪን የተዘረጋው በጠባቡ ይታጠፋል። እንግዲህ መመዘኛችን መታየትና አለመታየት ካልሆነ ምን ይሁን?

ስለ መመዘኛው

ሰምና ወርቅ ባለበት አገር የተወለደ ሰው፣ የተሸሸገ ቃል ሁሉ ክፉ ነው ሊል አይችልም። ቅኔ ቃልን ይሸሽጋል፤ ውስጠ ወይራው ከላይ የሚሰማውን አስመስሎ በውስጡ ሌላ ይዞ ይሄዳል። ነገር ግን ባለ ቅኔው ወርቁን የቀበረው ሰሚው ቆፍሮ እንዲያገኘው ነው፤ ሰሙ ራሱ ወደ ወርቁ የሚመራ መንገድ ይዞአል። ሰሚው ወርቁን ባገኘው ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚለው ባለ ቅኔው ነው፤ የሚያዝነውም ወርቁ ሳይገኝለት የቀረ እንደ ሆነ ነው። በነጭ ገጽ ላይ በነጭ ቀለም የጻፈ ሰው ግን የተገላቢጦሽ ነው። አንባቢ ያገኘበት ዕለት ያፍራል፣ ይፈራል፣ ፈጥኖም ያጠፋዋል።

ስለዚህ የምናቀርበው መመዘኛ ይህ ነው፤ የተሸሸገው በተገኘ ጊዜ ጸሓፊው ይደሰታል ወይስ ያፍራል? ለዐይነ ስውር አንባቢ የሥዕል መግለጫ የጻፈ ሰው መግለጫው ቢነበብለት ደስ ይለዋል። መልሱን ከጥያቄው ሥር ያጠፈ ሰው አንባቢ ቢዘረጋው ደስ ይለዋል። ቢ ኤም ደብልዩ ግን ገጾቹ በታወቁ ጊዜ አነሣቸው እንጂ አላሳየባቸውም። መመዘኛው ምንም የኮምፒዩተር ዕውቀት አይጠይቅም፤ ጸሓፊው ራሱን ቢጠይቅ መልሱን ያውቀዋል።

በስውር ጽሑፍ ጠበቆች ዘንድ ሁለት ምክንያት ይሰማል። የመጀመሪያው፣ «ቃሉ እውነተኛ ከሆነ ማንን ይጎዳል?» የሚል ነው። በገበያ ውስጥ ሚዛኑን በጣቱ የሚጫን ነጋዴም የሚሸጠው እውነተኛ እህል ነው፤ ጥፋቱ በእህሉ ሳይሆን በሚዛኑ ላይ ነው። የፍለጋ ተራም የጋራ ሚዛን ነው፤ አንዱ በስውር ሲወጣ ሌላው፣ ምናልባትም የተሻለ የጻፈው፣ በዚያው ልክ ይወርዳል። ሁለተኛው ምክንያት፣ «ሁሉም የሚያደርገው ነው» የሚል ነው። ሁሉም የሚያደርገው ቢሆን ኖሮ ለማንም ጥቅም ባልሰጠ ነበር፤ ጥቅሙ የሚገኘው ብዙው ሰው በቅንነት ስለሚጽፍ ብቻ ነው።

ነገሩ ወደ ጥናት ቤት ሲገባ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ነጋዴዎች ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ሰው ከዚህ ንጹሕ ነኝ ብሎ እንዳይኰራ ግን በ2025 የሆነውን እናስታውስ። በዚያ ዓመት በሐምሌ ወር ኒኬይ የተባለው የጃፓን የዜና ድርጅት፣ ጥናቶች ከመታተማቸው በፊት በሚወጡበት አርካይቭ በተባለው መዝገብ ላይ ባደረገው ምርመራ፣ በ17 ጥናቶች ውስጥ ስውር ጽሑፍ ማግኘቱን ገለጸ። የጥናቶቹ ዋና ጸሓፊዎች በ8 አገሮች ከሚገኙ 14 የከፍተኛ ትምህርትና የምርምር ተቋማት የመጡ ናቸው። በነጭ ቀለም ወይም ዐይን በማያየው ደቃቅ ፊደል የተጻፈው ይህ ጽሑፍ፣ ጥናቱን በሰው ፈንታ የሚገመግም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ቢኖር ጥናቱን እንዲያመሰግንና ጉድለቱን እንዳይናገር የሚያዝዝ ነበር። ከጸሓፊዎቹ አንዱ ነገሩ የማይገባ መሆኑን አምኖ ጥናቱን እንደሚያነሣ ሲናገር፣ ሌላው ደግሞ ራሳቸው ሳያነቡ በማሽን የሚያስነብቡ ሰነፍ ገምጋሚዎችን ለማጋለጥ ነው ሲል ተከራከረ።

የሁለተኛው ሰው ክርክር ፈጽሞ ከንቱ አይደለም፤ ሳያነብ የሚፈርድ ገምጋሚ በእርግጥ ጥፋተኛ ነው። ነገር ግን ዐላማው ሰነፉን ማጋለጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ የተሸሸገው ትእዛዝ ማንንም የማይጠቅም አንድ እንግዳ ቃል እንዲጻፍ ቢያዝዝ ይበቃ ነበር፤ «አመስግነኝ» ማለት ግን ማጋለጥ ሳይሆን መጠቀም ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት በነጋዴ ገጽ ላይ የተጀመረው ብልኀት ከ30 ዓመት በኋላ በምሁር ጥናት ላይ መገኘቱ፣ ነገሩ የቴክኒክ ብቻ ሳይሆን የጠባይ ጉዳይ መሆኑን ያሳያል። ማሽን በሰው ፈንታ ማንበብ በጀመረበት ቦታ ሁሉ፣ ለማሽን ብቻ መጻፍ የሚፈልግ ሰው ይነሣል።

ስለ ቋንቋችን

ወደ ተነሣንበት ጉዳይ እንመለስ። የአማርኛ ጽሑፍ ዕጣ ለብዙ ዘመን ከስውር ጽሑፍ ተቃራኒ ነበር ማለት ይቻላል፤ ለሰው እየታየ ለሞተር የተሰወረ ነበርና። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ቍጥር ሥርዐት ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት ብዙው የአማርኛ ጽሑፍ፣ የላቲን ፊደላትን ቍጥር ተውሶ በሚሠራ የየግል ፎንት ይጻፍ ስለ ነበር፣ ሰው አማርኛ ሲያነብ ማሽን የሚያገኘው ትርጕም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ነበር። ዛሬም ቢሆን በፎቶግራፍ ተነሥቶ እንደ ሥዕል የተቀመጠ ጋዜጣ፣ ደብዳቤ ወይም መጽሐፍ፣ ፊደሉ በፊደልነቱ ካልተነበበ በቀር፣ በቃል ፍለጋ አይገኝም። እንግዲህ በእኛ በኩል ያለው ትልቁ ሥራ የሚታየውን መሸሸግ ሳይሆን የተሰወረውን መግለጥ ነው።

የሞክሼ ፊደላቱም ችግር እውነተኛ ነው። በእኛ ጆሮ አንድ የሆኑት ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐና ብዙኃኑ ኀ ለኮምፒዩተር ሦስት ልዩ ልዩ ቍጥሮች ናቸው፤ አንድ መሆናቸውን ያልተማረ ሞተር በአንዱ የተጻፈውን በሌላው ለሚፈልግ ሰው አያገኝለትም። ጓደኛችን ያቀረበው ሐሳብ የተነሣው ከዚህ እውነተኛ ጉዳት እንጂ ከክፋት አልነበረም። ይሁን እንጂ ለጥያቄው የሚገባው መልስ ነጭ ቀለም አለመሆኑን አሁን መናገር እንችላለን። አንባቢም ቢሆን አንድ ቃል በስንት ዐይነት እንደሚጻፍ ቢያውቅ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም፤ ታዲያ ለምን እንሸሽገዋለን? በየጥናቱ ግርጌ «ይህ ቃል እንዲህም እንዲያም ተብሎ ይጻፋል» የሚል አጭር ማስታወሻ በጥቍር ቀለም ብንጽፍ፣ ሰውም ሞተሩም አንድ ጽሑፍ ያነባሉ። ማስታወሻው የሚመለከተው ግን በጥናቱ ውስጥ በእርግጥ የሚገኙትን ዋና ዋና ቃላት ብቻ መሆን አለበት፤ ከዚህ አልፎ ቃል ማከማቸት፣ በግልጽም ቢደረግ፣ አንባቢን ማሰልቸት ነው።

በዚሁ መሠረት ሐሳቡን ያቀረበው ጓደኛችንም ተስማምቶ ማስታወሻው በጥቍር እንዲጻፍ ወስነናል። በስውር ከሚሠራው ያነሰ ተራ ብናገኝ እንኳ ጥያቄዋን ላቀረበችው ጓደኛችን መልሳችን ይህ ነው፤ አንባቢ እንዳያይብን የምንፈራው ነገር ካለ፣ መታረም ያለበት የቀለሙ ዐይነት ሳይሆን የጻፍነው ነገር ራሱ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ የሞተሮቹም ዐይን ከዓመት ወደ ዓመት እየጠራ ሲሄድ አይተናል። መምህራኖቻችንና ጓደኞቻችን በተለይ የሞክሼ ፊደላትን ፍለጋ በሚመለከት ከዚህ የተሻለ መንገድ ካላቸው፣ በሚመጣው እትም ቢያርሙን በምስጋና እንቀበላለን።